የመርሰዲሱ የዳሽቦርድ ሰዓት ለምን ሁለት ቀን ሠርቶ ቆመ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል መርሰዲስ 220 ዲ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ እመላለስበታለሁ። ኪንዝለ የሚል ጽሑፍ ያለበት የዳሽቦርዱ ሰዓት ለዓመታት ቆሞ ነበር። አንድ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ከጀርባው የተላቀቀ ነገር አግኝቶ በሽቦ አገናኘው፤ ደብሊው ዲ 40ም ነፋበት። ሁለት ቀን ደህና ሠራ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደሴ ላይ ቆመ፣ የተቃጠለ ነገርም ሸተተኝ። ኮይሉ ሞቷል ማለት ነው? የስፌት መኪና ዘይት ላድርግበት? ወይስ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የኳርትዝ ማሽን ላስገባበት?»

መልስ፦

ከሁሉ በፊት ያ ሽቦ ዛሬውኑ ይነሳ። ሰዓቱን ለመጠገን ጊዜ ባይኖርዎት እንኳ ወደ ሰዓቱ የሚመጣውን ገመድ አላቀው ጫፉን በናስትሮ ጠቅልለው ይተዉት። ተላቆ የተገኘው ነገር ብልሽት አይደለም፤ ሥራውን ሠርቶ የተላቀቀ የሙቀት ፊውዝ ነው። መኪናው ቢጠፋም ሰዓቱ ላይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለ። ፊውዙ በሽቦ ከታለፈ በኋላ ኮይሉ (ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) ሌሊት ግቢ ውስጥ ቢግል የሚያስቆመው ነገር የለም። የሸተተዎት እሱ ነው። እሳት አለመነሳቱ ዕድል ነው።

ይህ ዓይነቱ ሰዓት ገመድ ስለሚገባበት ኤሌክትሪክ ይባላል እንጂ ውስጡ ሜካኒካል ነው። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ባላንስ፣ ጥርሳማ ጎማዎችና የሚነዳቸው ሞላ አለው። ከድሮ የጠረጴዛ ሰዓት የሚለየው ሞላውን የሚጠመዝዘው ሰው ሳይሆን ኤሌክትሮማግኔት በመሆኑ ብቻ ነው። ሞላዋ ትንሽ ናት፤ የምትይዘው ጉልበት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃል። እየላላች ስትሄድ ከእሷ ጋር የተያያዘው ክንድ ቀስ ብሎ ይወርድና ሁለት የብር ነጥቦች ይነካካሉ። በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሪክ በኮይሉ ያልፋል፣ ማግኔቱ ክንዱን በኃይል ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ሞላዋ ትወጠራለች፣ ነጥቦቹም ይለያያሉ። ጤነኛ ሰዓት በየሁለት ሦስት ደቂቃው «ጠቅ» የሚለው ለዚህ ነው።

ኮይሉ የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ለምሳሌ 4 ኦም የሆነ ኮይል ከ12 ቮልት 3 አምፒር ይስባል፤ ይህ 36 ዋት ነው። ለሰኮንድ ሽራፊ ምንም ችግር የለውም። ክንዱ ሳይወረወር፣ ነጥቦቹ እንደተነካኩ ቢቀሩ ግን አውራ ጣት የምታክል ኮይል ምድጃ ሆነች ማለት ነው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ከጀርባው አንድ የብረት ምላስ በቶሎ በሚቀልጥ የብየዳ ሊድ አጣብቆ አስቀምጧል። ኮይሉ ከመጠን በላይ ሲግል ሊዱ ይቀልጣል፣ ምላሱ በራሱ ውጥረት ተስፈንጥሮ ይላቀቃል፣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ምላሱ ለምን ተላቀቀ ሳይሆን ክንዱ ለምን ሳይወረወር ቀረ የሚለው ነው። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተባብረው ነው የሚመጡት። አንደኛው የቮልቴጅ መውረድ ነው፤ የደከመ ባትሪ ማግኔቱን አቅም ያሳጣዋል። ሁለተኛው የነጥቦቹ መጥቆር ነው፤ ከሺህ ጊዜ ብልጭታ በኋላ ገጻቸው ይቃጠላል፣ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንሳል። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው፣ የዘይቱ መድረቅ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዘይት ሙጫ ሆኗል። ጎማዎቹ ሲጎተቱ ነጥቦቹ በቁርጥ ሳይሆን እየተንቀጠቀጡ ይነካካሉ፤ ብልጭታ ይበዛል፣ ግፊት ያንሳል። ክንዱም የራሱ ማዞሪያ ላይ ሙጫ ካለ ቢወረወርም መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለት ቀን ሠርቶ መቆሙም በዚሁ ይፈታል። ደብሊው ዲ 40 እርጥበት ማባረሪያና የዛገ ነገር ማላቀቂያ ነው እንጂ የሰዓት ዘይት አይደለም። መጀመሪያ ደረቁን ሙጫ ያቀጥነዋል፣ ሰዓቱም ይነሳል። ቀጥሎ ቀጭኑ ፈሳሽ ይተንና የቀለጠው ሙጫ ከነአቧራው በየዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው የባሰ ይይዛል።

ኮምቦልቻ ላይ ሳይሆን ደሴ ላይ መቆሙም አጋጣሚ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የከፍታው ልዩነት ብቻ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይለውጣል። ከዚያ በላይ የሚሠራው ግን የቀኑ ክፍለ ጊዜ ነው፦ በደሴ ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር ያደረ መኪና በአንድ በኩል፣ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በሌላ በኩል። በሁለቱ መካከል ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ልዩነት 20 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። ንጹሕ ዘይት ይህን ይችለዋል፤ ሙጫ አይችለውም። በዚያ ላይ የናፍጣ ሞተር በብርድ ሲነሳ መጀመሪያ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ፣ ቀጥሎ ሞተሪኖው ባትሪውን ይጎትቱታል፤ ያረጀ ባትሪ ከ10 ቮልት በታች ይወርዳል። የሰዓቱ መወጠሪያ ቅጽበት እዚያ ላይ ከዋለ ክንዱ አይወረወርም። ነጥቦቹ ንጹሕ ከሆኑ ቮልቴጁ ሲመለስ ክንዱም ይነሳል። ከቆሸሹ ግን እንደተጣበቁ ይቀራሉ፣ ኮይሉም እየጋለ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል።

አሁን ወደ ሥራው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ። የመርሰዲሱን የጌጅ ሳጥን ሲያወጡ ዝም ብለው ወደ ፊት አይሳቡት፤ ከጀርባው የስፒድ ሜትሩ ኬብልና የዘይት ግፊት ጌጁ ቀጭን ቱቦ አሉ። ያ ቱቦ ኤሌክትሪክ ሳይሆን ራሱን የሞተር ዘይት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሲፈታ ጨርቅ ከሥሩ ያድርጉ። የውሃ ሙቀት ጌጁም ከቀጭን የብረት ቱቦ ጋር አንድ አካል ሆኖ የተሠራ ከሆነ ቱቦው አይቆረጥም፣ አይቆለመምም፤ ከተሰበረ ጌጁ አብሮ ሄደ። ከመፍታትዎ በፊት ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የፊውዝ ሳጥኑንም በዚሁ አጋጣሚ ይዩት። የዚህ ዘመን የጀርመን መኪና ፊውዞች ሁለት ጫፋቸው ሾጣጣ የሆኑ ናቸው፤ ነጩ 8 አምፒር፣ ቀዩ 16 አምፒር ነው። ጫፋቸው ሲዝግ ፊውዙ ሳይቃጠል ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። በጣት ማሽከርከር ለጊዜው ያገናኘዋል፤ ጫፉንና መቀመጫውን ማጽዳት ግን ይሻላል።

ሰዓቱ ከወጣ በኋላ ምንም ሳያጥቡ ኮይሉን ይለኩ፤ ጥያቄዎ ይህ ስለሆነ መልሱን አስቀድሞ ማወቁ ልፋት ያድናል። መልቲ ሜትሩን 200 ኦም ላይ ያድርጉ። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ሲያነካኩ የሚያሳየውን ቁጥር (0.3 ወይም 0.5 ሊሆን ይችላል) ይያዙና ኋላ ይቀንሱት። አንዱን ጫፍ ከምላሱ በኋላ ወደ ኮይሉ በሚገባው ገመድ ላይ፣ ሌላውን በሰዓቱ አካል ላይ ያድርጉ። ክንዱን በስቴኪኒ ገፍተው ነጥቦቹን ሲለያዩ ሜትሩ ምንም ማሳየት የለበትም፤ ካሳየ ነጥቦቹ ተበይደዋል ወይም ኮይሉ ከአካሉ ጋር ተነካክቷል። ነጥቦቹን ሲያገናኙ ጥቂት ኦም ካሳየ ኮይሉ በሕይወት አለ። ቁጥሩ እየዘለለ ከተለዋወጠ ነጥቦቹ ቆሽሸዋል። ነጥቦቹ ተገናኝተውም ምንም ካላሳየ፣ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ኮይሉ በቀጥታ ሁለቱ የሽቦ ጫፎቹ ላይ ይለካ፤ የተቋረጠው ብዙ ጊዜ ጫፉ የተበየደበት ቦታ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ ይመለሳል።

ኮይሉ ጥቁር መስሎ ጥቂት ኦም ቢያሳይ ውስጡ አንዳንድ ዙሮች እርስ በርስ ተነካክተው ሊሆን ስለሚችል በባትሪ ይፈተን። ሙሉ 12 ቮልት ባትሪ ያዘጋጁ። ነጥቦቹ ተገናኝተው ባሉበት ገመዱን ከአንድ ሰኮንድ ላነሰ ጊዜ ነካ ያድርጉ። ክንዱ በስል ድምፅ ከተወረወረ ጤነኛ ነው፤ በድካም ከተንቀሳቀሰ ኮይሉ ተጎድቷል። ለዚህ ፈተና የስልክ ቻርጀር መሰል አዳፕተር አይጠቀሙ። 12 ቮልት የተጻፈበት ቢሆንም ግማሽ አምፒር ብቻ የሚሰጥ አዳፕተር 3 አምፒር ሲጠየቅ ይወድቃል። ነጥቦቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ እርስዎም ጤነኛውን ኮይል ራስዎ አቃጠሉት ማለት ነው።

ኮይሉ በእርግጥ ከተቃጠለ ይጠቀለላል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ አይጠፋም። የሚነገራቸው ሁለት ነገር ነው፦ የድሮውን ሽቦ ሲፈቱ ዙሮቹን ይቁጠሩ፣ ውፍረቱንም በማይክሮሜትር ይለኩ። ቀጭን ሽቦ ከተጠቀሙ ግፊቱ ይደክማል። ወፍራም ሽቦ ከሆነ ያው የዙር ቁጥር ቦታው ላይ አይገባም፤ ዙሩን ቢቀንሱ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በዝቶ ነጥቦቹን ይበላል።

ቀጣዩ መክፈት ነው። ሰከንድ ቆጣሪ ካለ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ ደቂቃ ቆጣሪው፣ መጨረሻ ሰዓት ቆጣሪው ይነሳል። መደቡ (ቁጥሮቹ የተጻፉበት ገጽ) ላይ በመሀል የተቀደደ ወፍራም ወረቀት አንጥፈው በሁለት ትናንሽ ካቻቪቴዎች ከግራና ከቀኝ እኩል ቀና ያድርጉት፤ በአንድ ወገን ከጎተቱ ዘንጉ ይጎብጣል። የመደቡ ጽሑፍ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠረጋል፤ አልኮል ከነካው ቁጥሮቹ ከጥጡ ጋር ይሄዳሉ። (ይህን የሚያነቡ ከእርስዎ መኪና በዕድሜ የገፉ መኪናዎች ባለቤቶች ካሉ፦ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩ ሰዓቶች ላይ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ራዲየም ሊሆን ይችላል። አይፋቅ፣ አይነፋ፣ ብናኙም አይተነፈስ።)

ማጠቢያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ነው፤ የብረት ዘንጎቹን ያዝጋል። ነጭ ጋዝ ሙጫውን ይፈታል፣ ግን የራሱን ቅባት ትቶ ይሄዳል። የማደያ ቤንዚንም እንዲሁ፣ ከዚያም በላይ አደገኛ ነው። የሚመረጠው የዚፖ ዓይነት ላይተር መሙያ ፈሳሽ ነው፤ ቅሪት ሳይተው ይተናል። (ታምቆ የሚሞላው ጋዝ ሌላ ነገር ነው፤ እንዳይቀላቀል።) ሁለት ብርጭቆ ያዘጋጁ፣ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ኮይሉን በዊንጮቹ ፈተው ለብቻ ያስቀምጡ፤ የድሮ ኮይል ቫርኒሽ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ሊላጥ ይችላል። መደቡና ቆጣሪዎቹም አይገቡም። ሞላዋ ጉልበት እንዳይኖራት ቆማ እስክትቀር ይጠብቁ። ሁለቱን የነሐስ ፕሌቶች ሳይለያዩ፣ ማሽኑን እንዳለ መጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ 10 ደቂቃ ይንከሩት፣ በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹት። ፈሳሹ ሻይ ሲመስል ያዩታል፤ ያ ነው ሲጎትትዎት የነበረው። ከዚያ በሹል የተቀረጸ ስቴኪኒ እያንዳንዱን የዘንግ ቀዳዳ ከውጭ በኩል እያሽከረከሩ ይጥረጉ፤ ስቴኪኒው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ጫፉን እየቀረጹ ይድገሙት። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን መንከሩ ብቻ ቀዳዳ ውስጥ የደረቀውን አያወጣም። ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ 5 ደቂቃ ካለቀለቁ በኋላ ከፋርማሲ በሚገኝ የጆሮ ማጠቢያ ጎማ አየር ይንፉበትና ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያድርቁት። በፀጉር ማድረቂያ አይሆንም፤ ትነቱ ይቀጣጠላል።

ባላንሱ ላይ የተጠቀለለችውን ቀጭን ሞላ በወረንጦ አይንኩ። ስትደርቅ ጥምዝምዞቿ እኩል ተራርቀው መታየት አለባቸው። ሁለቱ ከተጣበቁ ቅባት አለባት ማለት ነው፤ በድጋሚ በንጹሕ ፈሳሽ ትታጠብ። የተጣበቀች ሞላ እንዳጠረች ስለምትቆጠር ሰዓቱ በጣም ይፈጥናል፤ በቀን ብዙ ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት ካጋጠመዎት መጀመሪያ እዚህ ይዩ። ባላንሱ በጆሮ ማጠቢያው ጎማ ትንሽ ሲነፋ በነፃነት መወዛወዝና እየቀነሰ ቀስ ብሎ መቆም አለበት፤ ወዲያው ቀጥ ካለ ጫፉ አሁንም ቆሻሻ ነው ወይም ተጎድቷል። በአጉሊ መነጽር ቀዳዳዎቹንም ይዩ። ክብ መሆን ሲገባው ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ካለ ዘንጉ ጎኑን በልቶታል፤ ዘይት አይመልሰውም፣ ቶርኖ ያለው ሰው ቡሽ ያስገባበታል።

የብር ነጥቦቹ በሞረድ አይነኩም። ባለ 1000 ወይም ባለ 2000 የብርጭቆ ወረቀት በጣም ጠባብ አድርገው ቆርጠው በሁለቱ መካከል ያስገቡ፣ ክንዱን በቀስታ ጫን አድርገው ወረቀቱን አምስት ስድስት ጊዜ ይሳቡ፤ ወረቀቱን ገልብጠው ሌላኛውን ገጽ ይድገሙ። ጥቁሩ ከለቀቀ በቂ ነው፤ ጉድጓዱን ሁሉ ለማጥፋት ብሩን አይጨርሱት። ቀጥሎ ተራ ነጭ ወረቀት በላይተር ፈሳሽ አርሰው በመካከላቸው ይሳቡ፤ የብርጭቆው ብናኝ ከቀረ ራሱ መከለያ ይሆናል። በመጨረሻ ሜትሩ እንደገና ይለካ፤ ንባቡ ከኮይሉ የራሱ ንባብ ጋር መግጠም አለበት።

ብልጭታውን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው 1ኤን4007 የተባለውን ዲዮድ በኮይሉ ሁለት ጫፎች ላይ ሊያገናኝ ይችላል፤ የሬዲዮ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። በእርስዎ መኪና፣ አካሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ የዲዮዱ ነጭ ቀለበት ያለበት ጫፍ ገመዱ ወደሚገባበት ፖዘቲቭ ጎን ይሁን። ከተገለበጠ ነጥቦቹ በተነካኩ ቁጥር ሾርት ይሆናል። አካላቸው ፖዘቲቭ በሆነ የቆዩ የእንግሊዝ መኪናዎች ላይ አቅጣጫው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ዘይት። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ስለሆነ ተቃራኒ ስህተት ይሠራል፤ ካደረጉበት ቦታ ተነስቶ በፕሌቱ ላይ ይሰፋል፣ ቀዳዳው ደረቅ ይቀራል። ለጥቂት ወራት ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ተራ የሞተር ዘይት ለባላንስ ይከብዳል፤ በደሴ ጠዋት ደግሞ ይበልጥ። የሰዓት ዘይት ከተገኘ ሞቢየስ 9010 ለባላንሱና ለፈጣኖቹ ጎማዎች፣ ሞቢየስ 9020 ለዘገምተኞቹ ይሁን። ከሰዓት ጠጋኞች ጠብታ ዘይት መግዛት ይቻል ይሆናል፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ከአንድ ጠብታ ያነሰ ስለሆነ ሙሉ ጠርሙስ አያስፈልግም። ሲገዙ ዘይቱ ጥርት ያለና ያልወፈረ መሆኑን ይዩ። ይህ ሁሉ ከጠፋ ለጎማዎቹ ሙሉ ሲንተቲክ 5ደብሊው-30 የሞተር ዘይት ከስፌት ዘይት ይሻላል፤ በብርድ ያን ያህል አይወፍርም፣ ቶሎም ሙጫ አይሆንም። ለባላንሱ ግን የሰዓት ዘይት ይፈለግ።

መጠኑ ከዓይነቱ ይበልጣል። ከስልክ ገመድ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ይምዘዙ፣ ጫፉን አንድ ሚሊ ሜትር ዘይት ውስጥ ነክረው ቀዳዳው አፍ ላይ ነካ ያድርጉ። ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ጎድጓዳ ግማሽ ከሞላ ይበቃል። ከአፉ ሞልቶ ከፈሰሰ ፕሌቱ እየሳበ ሁሉንም ይወስደዋል፤ ያኔ በወረቀት ጫፍ መጥጦ እንደገና በጥቂቱ ማድረግ ይሻላል። የኢንሱሊን መርፌ የሚጠቀሙ አሉ፤ የመርፌው ትንሹ ጠብታ እንኳ ለአንድ ቀዳዳ ብዙ ነው። ሁለቱም ፕሌቶች ላይ ያሉ የዘንግ ጫፎች፣ የባላንሱ ሁለት ጫፎች፣ የክንዱ ማዞሪያ ዘይት ይነካቸው። ከባላንሱ ቀጥሎ ያለው ባለሹል ጥርስ ጎማ ጥርሶቹን ሁሉ ሳይሆን ሦስት አራቱን ይቀቡ፤ ሲዞር ራሱ ያዳርሳል። ክንዱ የሚገፋው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞረው ጎማ ላይ የመርፌ ጫፍ ታክል ቀላል ግራሶ ይበቃዋል። የጎማዎቹ ጥርሶች ደረቅ ይሁኑ፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራ ከዘይት ጋር ሆኖ ነሐሱን ይበላል። ቀጭኗ ሞላና የብር ነጥቦቹ ዘይት ፈጽሞ አይንካቸው።

አሁን የሙቀት ፊውዙ ተራ ነው፤ እስካሁን ያልነካነው ሌላው ካልተስተካከለ መልሶ ስለሚላቀቅ ነው። የኤሌክትሪሺያኑን ሽቦ ያንሱ፣ የድሮውን ሊድ ከምላሱና ከመቀመጫው ጠርገው ያጽዱ። የሞባይል ጠጋኞች ጋ 138 ዲግሪ ተብሎ የተጻፈበት የቢስመዝና የቲን ሊድ ፓስታ ይገኛል፤ እሱን ይጠቀሙ። የተለመደው ሊድ በ183 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ከመላቀቁ በፊት ኮይሉ ይበልጥ ይጎዳል። የድሮው ሊድ በደንብ ካልተጠረገ ግን ከቢስመዙ ጋር ተደባልቆ ከ100 ዲግሪ በታች የሚቀልጥ ቅይጥ ይሠራል፤ መያዣውም ደካማ ይሆናል። ምላሱን በወረንጦ መቀመጫው ላይ ተጭነው ይያዙ፣ በ30 ዋት ብየዳ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ነካ አድርገው ያንሱ፣ ሊዱ ደብዘዝ ብሎ እስኪረጋ ወረንጦውን አይልቀቁ። ለጥንካሬ ብሎ ሊድ መከመር አያስፈልግም።

ኮይሉን መልሰው ካሰሩ በኋላ ጠረጴዛ ላይ መኪናው ውስጥ በሚቆምበት አኳኋን፣ ማለትም ቀጥ ብሎ፣ ከሙሉ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ያገናኙት። ከማገናኘትዎ በፊት ክንዱን በጣት ገፍተው ሞላዋን ይወጥሩ። ለ48 ሰዓት ይሥራ፤ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ግን አብረውት ይቆዩ። በጠቅታዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ በስልክዎ ይለኩ። ተቀራራቢ ከሆነ ደህና ነው። አንዴ ሦስት ደቂቃ፣ አንዴ አንድ ደቂቃ ከሆነ ክንዱ ጎማውን ሳይዝ እየዘለለ ነው። ጠቅታው ከስል ድምፅ ወደ ደካማ ከተለወጠ ወዲያው ያላቁትና ነጥቦቹን እንደገና ይዩ። ሌሊቱን ደጅ በረንዳ ላይ ማሳደር ጥሩ ፈተና ነው፤ ብርዱ በነፃ አለ።

ቆጣሪዎቹን ሲመልሱ ሁለቱንም 12 ቁጥር ላይ ያስቀምጡ፣ አንዱ ሌላውን፣ የላይኛውም መስታወቱን እንዳይነካ አንድ ዙር በእጅ አዙረው ይዩ። ፍጥነቱን በመቆጣጠሪያው ሲያስተካክሉ በጣም በጥቂቱ ነክተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የሚነካ ሰው መቼም አያገኘውም። ሙቀትን የማያካክስ ተራ የብረት ሞላ በአንድ ዲግሪ ለውጥ በቀን 11 ሰከንድ ያህል ይለዋወጣል፤ ሲሞቅ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሲበርድ ይቀድማል። ኋላ የመጡት ቅይጥ ሞላዎች ይህን በብዙ ቀንሰውታል። የሆነ ሆኖ እርስዎ በየቀኑ ከብርድ ወደ ሙቀት ስለሚወርዱ የጠረጴዛ ላይ ልኬት አይበቃዎትም። መኪናው ላይ ገጥመው የሳምንት ምልልስዎን ከጨረሱ በኋላ የጠቅላላውን ልዩነት ለ7 ያካፍሉና በዚያ ያስተካክሉ። በቀን አንድ ደቂቃ ከሳተ ለዚህ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ፍለጋ አይመከርም።

የኳርትዝ ማሽን ነገር፦ ኮይሉ በሕይወት ካለ አያስፈልግም፣ ከሞተም መጀመሪያ ማስጠቅለሉ ይሞከር። የግድግዳ ሰዓት ማሽን 1.5 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ከመኪናው 12 ቮልት ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ባትሪ ድንጋይ ውስጡ ቢደረግ ደግሞ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በሚግል ዳሽቦርድ ውስጥ ያፈሳል፣ መደቡንም አብሮ ይበላል። የዋናዎቹ ቆጣሪዎች ቀዳዳም ከማሽኑ ዘንግ ጋር ስለማይገጥም እነሱን መሞረድ ይመጣል፤ ከተሞረዱ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የግድ ከሆነ ዋናውን ማሽን ሳይጥሉ በካርቶን አስቀምጠው ይሁን።

ሲገጥሙት ወደ ሰዓቱ በሚመጣው ገመድ ላይ፣ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ፣ የሚነቀል ማያያዣ ያስገቡ። ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሰዓቱ ፊውዝ ሌሎች ነገሮችንም ሊይዝ ስለሚችል እሱን መንቀል አይመችም። ባትሪ ሲቀየር፣ ባትሪ ቤት ተወስዶ ሲሞላ፣ በሌላ መኪና ባትሪ ሲነሳ፣ መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆም ማያያዣው ይነቀል። የእነዚህን ሰዓቶች ምላስ ከሚያስለቅቁት ነገሮች አንዱ የባትሪ ገመድ እያመነታ፣ እየነካካ ሲታሰር ነው። የባትሪው ገመድ መጀመሪያ በደንብ ይጥበቅ፣ ሞተሩ ይነሳ፣ ሜትሩ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ያሳይ፤ ከዚያ በኋላ የሰዓቱ ማያያዣ በአንድ ጊዜ በቁርጥ ይገጠም፣ ሁለት ጠቅታም ሳይሰሙ ከመኪናው አይራቁ።